እቤቱ ያልታመነ ልጅ ቴሌግራም ላይ አድሚን ሲሆን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጎንደር ፒያሳ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ባትሪ እቀይራለሁ፣ ፓተርን የረሳ ሰው ሲመጣ ፍላሽ አደርጋለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ወላጆች፣ በተለይ እናቶች፣ ምንም ያልተበላሸ ስልክ ይዘው ይመጣሉ። «የልጄን ስልክ ክፈትልኝ» ይሉኛል። ልጁ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል መልኩ ወንድ ነው። ዕድሜው ከ14 እስከ 17 ነው።

«ምን ሆነ?» ስላቸው የሚነግሩኝ ተቀራራቢ ነው። ማታ አይተኛም። ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ አይቀርብም። አብሮት ያደገውን የጎረቤት ልጅ በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ መስደብ ጀምሯል። ሬሳ የሚያሳይ ቪዲዮ እያየ ፊቱ አይለወጥም። አንዷ እናት «ልጄ በሌላ ሰው አፍ ነው የሚናገረው» አለችኝ።

ስልኩን አልከፍትላቸውም። ምክንያቴንም እነግራቸዋለሁ። ስልኩ በማያውቀው ሰው እጅ መከፈቱን ያወቀ ልጅ ሌላ ሲም ያፈላልጋል፣ በጓደኛው ስልክ ይገባል፣ ለእናቱም ከዚያ ወዲያ ምንም አይነግራትም። ከዚያ ይልቅ ቁጭ አድርጌ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ አስረዳቸዋለሁ። ዛሬ የምጽፈውም ይህንኑ ነው።

እነዚህ ልጆች ጥላቻ ፈልገው አልገቡም። ብዙዎቹ በኳስ ነው የጀመሩት። የጎል ቪዲዮ፣ የጂም ቪዲዮ፣ ቀልድ። ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ የትኛው ቪዲዮ ላይ ምን ያህል እንደቆየ ይከታተላል። ተናድዶ ይቆይ፣ ደንግጦ ይቆይ ልዩነት የለውም፤ ያንኑ የሚመስል ያመጣለታል። አንድ ማታ ሽለላ የተደረገበት፣ «ወንድ ከሆንክ እስከ መጨረሻው እይ» የሚል ቪዲዮ ያያል። በማግስቱ ብዙ ይመጡለታል። ከሥሩ የቴሌግራም ሊንክ አለ። ቴሌግራሙ ውስጥ ደግሞ ሰው አለ።

ዋናው ነገር ይህ ሰው ነው። «ወንድሜ» ይለዋል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሲጽፍለት ይመልስለታል። ጀግና ይለዋል፣ የአያቶቹን ገድል ይነግረዋል። ቀጥሎ ሥራ ይሰጠዋል፤ ይህን ለሃምሳ ሰው ላክ፣ እዚያ ገጽ ገብተህ እገሌን ስደብልን። ከበረታ አድሚን ያደርገዋል። እስቲ አስቡት። እቤቱ የሱቅ መልስ እንኳ የማይታመን፣ በተናገረ ቁጥር «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ» የሚባል የ15 ዓመት ልጅ፣ ሺዎች ያሉበት ግሩፕ አድሚን ሆኖ ያድራል። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ወላጆች ጥላቻው የሳበው ይመስላቸዋል። እኔ የማየው ሹመቱ እንደሳበው ነው።

እኛ ጎንደሬዎች ፉከራን እናውቃለን። የሚፎክር ሰው የሚያውቁት ሰዎች ፊት ቆሞ ይፎክራል። የሠራውን ይናገራል። ውሸት ከቀላቀለ የሚታዘበው አለ፣ ከልክ ካለፈ «ተው» የሚለው ሽማግሌ አለ። ቴሌግራም ላይ የሚፎክረው ግን ፊቱ አይታይም። የት አገር ተቀምጦ እንደሚጽፍ አይታወቅም። ልጁ ችግር ውስጥ የገባ ቀን አካውንቱን ዘግቶ ይጠፋል።

«ኢንተርኔቱ ቢዘጋ ይሻላል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ተዘግቶ አይተነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ቪዲዮው ግን አልቆመም። በሚሞሪ ካርድና በብሉቱዝ ከኪስ ወደ ኪስ ይዞር ነበር። መቼ እንደተቀረጸ፣ ማን እንደለቀቀው የሚያሳይ ነገር የለውም። ልጁ ላጣራ ቢል እንኳ የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም።

ጥላቻ ምን እንደሚያመጣ ከተማችን ታውቃለች። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር በአንድ የሃይማኖት አባት ቀብር ላይ በተነሣ ግጭት ብዙ ሰው ሞተ። በቀናት ውስጥ ከዚህ መቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ያን ሰሞን «ጎንደር አሁን» እየተባሉ ስልኬ ላይ ከደረሱኝ ቪዲዮዎች አንዳንዶቹ የጎንደር አልነበሩም። ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ናት፣ መንገዷን አውቀዋለሁ። ልጆቹ ግን አምነው አስተላለፏቸው። ከዚያ በፊት፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር ውስጥ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቷቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሷል።

ይህ የኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። ጎንደር ውስጥ ያ ሁሉ በሆነ በሦስተኛው ሳምንት አሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሱፐርማርኬት ገብቶ 10 ጥቁሮችን ገደለ። ሲገድልም በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። እንዴት እንደጀመረ ራሱ ጽፏል፤ በኮቪድ ጊዜ ቤት ተቀምጦ ሲሰለቸው ነው የዘር ጥላቻ ወደሚነዛባቸው ገጾች የገባው። ጦርነትና የተዘጋ ትምህርት ቤት ያየ የኛ ልጅ ከዚያ ልጅ ያነሰ ባዶ ሰዓት የለውም።

እና ወላጅ ምን ያድርግ?

አንዳንድ አባቶች ስልኩን ከግድግዳ ጋር ያጋጩታል። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ስልክ ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ፤ እናት ለምናለች፣ ወይም ልጁ ለትምህርት ያስፈልገዋል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ልጁ በጓደኛው ስልክ ገብቶ አባቱ ያደረገውን ለግሩፑ ነግሯል። ግሩፑም «አየህ? ከኛ በቀር ማን አለህ?» ብሎታል። ዱላም እንደዚሁ ነው።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ደንበኛ አለኝ። ልጁ «ይኸው እየጨረሱን ነው» ብሎ አንድ ቪዲዮ አሳየው። አልተቆጣም። «ና አብረን እንየው» ብሎ ወደ ሱቄ ይዞት መጣ። ሦስታችንም አየነው።

«የት ነው ይሄ?» አለ አባትየው።

«እዚሁ ቅርብ ነው።»

«እሺ። መኪናዋን እያት። መሪዋ በየት በኩል ነው?»

ልጁ ቪዲዮውን መልሶ አየው። መሪው በቀኝ ነበር። ስንት ጊዜ አባቱ ጎን ጋቢና የተቀመጠ ልጅ ነው። ምስሉን ጉግል ላይ ስንፈልገው የሌላ አገር፣ የቆየ ቪዲዮ ሆኖ ተገኘ። አባትየው «ሞኝ ነህ» አላለውም። «ሌላም ካለህ ማታ አምጣና እናያለን» ነው ያለው። አሁን ልጁ ራሱ እየመጣ «ይሄን ደግሞ እንዴት ላጣራ?» ይለኛል።

ሁሉም ቪዲዮ ግን ውሸት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል። ልጁ እውነተኛ ግፍ አይቶ ደሙ ሲፈላ «ተወው፣ ፖለቲካ ነው» ይለዋል። ልጁ ያን ጊዜ አባቱ ፈሪ ነው፣ ወይም ግድ የለውም ብሎ ይደመድማል። እኔ የምመክረው «እውነትህን ነው፣ እኔንም ያመኛል» ማለት ነው። ከዚያ «ይህን ያደረገው ማን ነው? የክፍል ጓደኛህ ነው? ዳቦ የሚሸጡልን እትዬ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ። ሐዘኑን የተቀበለለት ሰው ሲጠይቀው ልጅ ያስባል።

ደግሞ ቡና ላይ የምናወራው አለ። ልጁ ጥግ ይዞ ስልኩን ሲነካካ የማይሰማ ይመስለናል። ትልልቅ ሰዎች ስለ አንድ ሕዝብ በጅምላ «እነሱ መቼም አይታመኑ» ሲሉ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ቴሌግራም ላይ ያንኑ ሲያነብ አዲስ ነገር አይሆንበትም። በልጅ ፊት እንዲህ የሚል እንግዳ ሲኖር ባለቤቱ ማረም አለበት፣ ያውም ልጁ እየሰማ።

ሹመቱንም ቤት ውስጥ እንስጠው። የቤት ወጪ ይያዝ። የታመመች አያቱን ሆስፒታል እሱ ይውሰዳት። የዕድር መዝገብ በኮምፒውተር የሚይዝ የ16 ዓመት ልጅ አውቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹ እሱ ሳይመጣ ስብሰባ አይጀምሩም። ለጥምቀት ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ልጆች፣ መድረሳ ውስጥ ታናናሾቻቸውን ቁርአን የሚያስቀሩትን ልጆች ተመልከቱ። አባት ከሌለ ወይም ሥራ ውሎ የሚያመሽ ከሆነ አጎት ይግባ፣ የክርስትና አባት ይግባ፣ የሚወደው አስተማሪ ይግባ። ልጁ ሌሊት የሚጽፍለትን ሰው ቦታ የሚይዝ፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ስልኩ ላይ የሚደረጉ ጥቂት ነገሮችም አሉ። ቲክቶክ የወላጅን አካውንት ከልጁ ጋር የሚያገናኝ ማስተካከያ አለው። የሚያመጣለትን ቪዲዮ እንደ አዲስ ማስጀመርም ይቻላል። ቴሌግራም ላይ ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ይዘጋል። ይህን ከልጁ ጋር ሆናችሁ አድርጉት፣ ተደብቃችሁ አይሁን።

ሕጉንም ንገሩት። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ማሰራጨትን እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ላይክ ማድረግ ማሰራጨት አይባልም፤ ለብዙ ሰው ማስተላለፍ ግን ይባላል። ዕድሜው 15 ካለፈ ደግሞ የሚጠየቀው በመደበኛው የወንጀል ሕግ ነው፣ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም። «ላክ» የሚለው ሰውዬ ይህን አይነግረውም።

አንድ ነገር ሲታይ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። ልጁ ዕቃውን ለጓደኞቹ ማደል ከጀመረ፣ ምክንያቱን ሳይናገር የጉዞ ገንዘብ ካጠራቀመ፣ ስለ መሞት በደስታ ካወራ፣ ያንኑ ቀን የሚያከብረውን ሰው ጠርታችሁ አስቀምጡት። ቄስም ይሁኑ ሼህ፣ አጎትም ይሁን አሠልጣኝ። ለብቻችሁ አትያዙት።

ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰሞኑን የሚዘዋወሩ ቪዲዮዎች የት እንደተቀረጹና መቼ እንደተቀረጹ የሚያጣራ ትንሽ ዓምድ ጀምሩልን። ተቆርጦ የሚለጠፍ ይሁን፣ ፊደሉ ጎላ ይበል፣ እናቶች እንዲያነቡት። እኔ እያባዛሁ ስልክ ሊወስድ ለመጣ ወላጅ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ፒያሳ ያሉ ሌሎች ጠጋኞችንም አነጋግሬ እሺ ብለውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ስልክ ጠጋኝ
ጎንደር፣ ፒያሳ