የዜግነት ትምህርት ክበብ፦ 34 ለ 34

የክበባችን የዘንድሮ እቅድ ችግኝ መትከል፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀንን ማክበርና የውይይት መድረኮችን ማዘጋጀት የሚል ነበር። ሁሉም ተከናውኗል፤ ችግኞቹም ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ይታያሉ። ዓመቱን የበላው ግን እቅድ ውስጥ ያልነበረ ጉዳይ ነው። ጥቅምት ላይ በተደረገው የሊቀ መንበር ምርጫ የ11ኛ ክፍሏና የ10ኛ ክፍሉ እጩ እኩል 34 ድምፅ አገኙ።

የወረስነው መተዳደሪያ ደንብ «አብላጫ ድምፅ ያገኘ ይመረጣል» ብሎ ያበቃል። ወዲያው ሐሳብ ዘነበ፦ በክፍል ስለምትበልጥ እሷ ትሁን፤ ሳንቲም ይጣል፤ መምህሩ ይወስኑ። መምህሩ እኔ ነኝና የመጨረሻውን እምቢ አልኩ። (እ.ኤ.አ. በ1886 በእንግሊዝ፣ አሽተን አንደር ላይን በተባለ የምርጫ ክልል፣ እኩል የወጡትን እጩዎች የለየው የአስፈጻሚው የራሱ ድምፅ ነበር። የዛሬው ሕጋቸው ዕጣ እንዲወጣ ያዛል።)

ስለዚህ ሌላው ዓለም ምን እንደሚያደርግ ይጠና ተባለ። በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ቶማስ ጀፈርሰንና አሮን በር እኩል 73 ድምፅ አግኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ1801 የአገሪቱ የተወካዮች ምክር ቤት 36 ጊዜ ድምፅ እስኪሰጥ መቸገሩን አንዱ ቡድን አቀረበ። ክበቡን የያዘው ግን የአሜሪካዋ ግዛት የቨርጂኒያ ምክር ቤት ምርጫ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኒውፖርት ኒውስ ዴቪድ ያንሲ በ10 ድምፅ መራ፤ ድጋሚ ሲቆጠር ሼሊ ሲመንድስ በ1 ድምፅ በለጠች። በማግስቱ ሦስት ዳኞች ውድቅ ተደርጎ የነበረን አንድ ወረቀት ለያንሲ ቆጠሩለት፤ 11,608 ለ 11,608 ሆነ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ስሞቹ በፎቶ ፊልም ማስቀመጫ ብልቃጦች ተደርገው ከአንድ ሳህን ዕጣ ወጣ። ያንሲ አሸነፈ፤ ፓርቲውም ምክር ቤቱን 51 ለ 49 ያዘ። ሲመንድስ በቀጣዩ ምርጫ ወንበሩን ወሰደች።

ተማሪዎቹን የማረካቸው ሳህኑ ነው፤ በወላጆች ቀን በድራማ አሳይተውታል። (የፊልም ብልቃጥ የሚያውቅ ልጅ ስለጠፋ የመድኃኒት ብልቃጥ ተጠቀሙ።) እኔ ዓይኔ የቀረው ወረቀቱ ላይ ነው። መራጩ ሁለቱንም ክብ አጥቁሮ በሲመንድስ በኩል ያለው ላይ ሰረዝ አድርጎበታል። ዕጣው ከመድረሱ በፊት ነገሩ የተቆረጠው እዚያ ነው።

እኛም ዋጋ አልባ ተብለው የተለዩትን ወረቀቶች አወጣን። አንዱ ላይ የልጁ ስም ተሰርዞ በልጅቷ ስም ፊት ምልክት አለ። ይቆጠር አይቆጠር የሚለው ክርክር ሁለት ስብሰባ ፈጀ፤ የሚገርመው ግን እጅ አወጣጡ ጥቅምት ላይ ማን ማንን እንደመረጠ በትክክል ማሳበቁ ነው። ይህን ያስተዋለችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። «ማንን እንደሚጠቅም እያወቅን ደንብ ማውጣት አንችልም» ስትል ቤቱ ጸጥ አለ። የሁለቱ ምርጫ እንዲደገም ተወሰነ። የ11ኛ ክፍሏ እጩ 37 ለ 32 አሸነፈች፤ እሱ ምክትል ሆኖ፣ እውነቱን ለመናገር ከእሷ በላይ ሠርቷል።

አዲሱ አንቀጽ በሰኔው ጠቅላላ ጉባኤ ጸድቋል፦ በመጀመሪያ ሌሎች ቆጣሪዎች ይቆጥራሉ፤ እኩል ከሆነ ምርጫው ይደገማል፤ አሁንም ካልለየ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ዕጣ ያወጣሉ። የተሰረዘ ስም ያለበት ወረቀት የመራጩ ሐሳብ ግልጽ ከሆነ ይቆጠራል። በመጀመሪያው ዙር ያልመረጠ በድጋሚው መምረጥ ይችላል ወይ የሚለው ግን አልተቋጨም፤ ለመጪው ዓመት ጉባኤ ተላልፏል።