ደብተርሽ እኔ ጋ ነው

እንዴት ነሽ የኔ እህት? ልጆቹስ ደህና ናቸው? መቼም ከእናታቸው ቁመት ካልወረሱ ቶሎ ያድጋሉ።

በቅድሚያ ይቅርታ። በ2014 ደብረ ብርሃን ተፈናቅለን ሳለ ብር ልከሽልን፣ "ደርሷል" ብዬ እንኳን አልደወልኩም። ደርሷል እሺ። የቤት ኪራይ ከፈልንበት፣ ለእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ገዛንበት። ያኔ አፍሬ ዝም አልኩ። ቆይቶ ደግሞ ዝም ማለቴ ራሱ አሳፈረኝ። እንዲህ እያልኩ ይኸው ዓመታት አለፉ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሌላ ምን እላለሁ።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ትንሿ እህቴ፣ ስለ ሚጣ ነው። አዎ፣ አዝለሻት ሰኞ ገበያ የምትወርጂው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት! ክረምት ሲገባ ማትሪክ ትቀመጣለች። እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ፈተናው ሌላ ሆኗል። እኛ በ2003 እዚያው ትምህርት ቤታችን ተፈትነን፣ ማታ እናታችን ቤት ሽሮ በልተን ነበር የምናድረው። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ልጆቹ በአውቶቡስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየተወሰዱ፣ እዚያው እያደሩ ነው የሚፈተኑት። ስልክ ይዞ መግባት የለም። ከፊሎቹ በኮምፒውተር ይፈተናሉ። ለማለፍ ግማሹን ማምጣት ግድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 8.4 ደርሷል። ከመቶ ልጅ ዘጠኝ አይሞላም ማለት ነው። ቁጥሩን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይገለባበጣል።

ሒሳብ ትችላለች። ፊዚክስም አይከብዳት። ጭንቄ እንግሊዝኛው ነው። የፊዚክሱም ጥያቄ የሚመጣው በእንግሊዝኛ መሆኑን አትርሺ።

ባለፈው ማክሰኞ መብራት ሄዶ በሻማ ተቀምጠን ነበር። ሚጣ ዓይኗን ጨፍና ትወጣዋለች፤ "ፕረዘንት ፐርፌክት፣ ሃቭ ወይም ሃዝ ሲደመር ፓስት ፓርቲሲፕል።" ትንፋሽ አልወሰደችም። "ጎበዝ፣ አክስታችን ትናንት መጥታ አልነበር? እስቲ በእንግሊዝኛ ንገሪኝ" አልኳት። ዝም አለች። የሻማውን ሰም በጥፍሯ ስትፍቅ ቆየችና "ማይ አንት ሃዝ ካም የስተርደይ" አለችኝ።

ልቆጣት አልቻልኩም። በአማርኛ "አክስቴ ትናንት መጥታለች" ብትል ማን ያርማታል? "መጥታለች" እና "ትናንት" በኛ ቋንቋ ተስማምተው ይኖራሉ። በእንግሊዝኛ ግን "የስተርደይ" ከተባለ "ሃዝ" አይገባም፣ "ኬም" ብቻ ነው። ይህን ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው የለም። ቀመሩን አሸምድደዋታል፣ አለቀ። በጣም ነው ያናደደኝ።

ያን ሌሊት ነው ደብተርሽን ያወጣሁት።

ኑዛዜዬ ይሄ ነው። የፈተናችን ዋዜማ ያዋስሽኝ ደብተር እኔ ጋ ነው። "መልሼልሻለሁ" ብዬሽ ነበር። አልመለስኩም። ጥቅምት 2014 ከደሴ ስንወጣ ከእማዬ የቤት ካርታ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ቀይ እስክሪብቶሽ አልደበዘዘም። "ዲስከስ አባውት አይባልም!!!" ብለሽ ሦስት ቃለ አጋኖ ደርድረሻል። ከታች "ማሪድ ቱ፣ ማሪድ ዊዝ አይደለም" ይላል። ከትምህርት ቤት እስከ ፒያሳ እየሄድን ስታስደጋግሚኝ፣ ስሳሳት ትከሻዬን በቦርሳሽ ስትመቺኝ ትዝ አለኝ። አንቺ መቼም ርኅራኄ አታውቂም ነበር! ግን ልክ ነበርሽ። "ስለ ጉዳዩ ተወያየን" ስለምንል ነው "አባውት" የምንጨምረው። "ከእሱ ጋር ተጋባች" ስለምንል ነው "ዊዝ" የምንለው። "ቢደክመኝም ግን አጠናሁ" የሚል ልጅ "ኦልዞው" ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ "በት" መጨመሩ አይቀርም። ሚጣ እነዚህን ሁሉ ትሳሳታለች። አንድ በአንድ!

ቃላቱ ደግሞ የባሰ ነው። ከቴሌግራም ያወረደችው ዝርዝር አለ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ አንድ የአማርኛ ፍቺ። "ኮንዳክት፣ ምግባር" ብላ ይዛለች። የንባብ ጥያቄ ውስጥ "ኮንዳክት አን ኢንተርቪው" ሲመጣባት ግራ ገባት። ቃለ መጠይቅ ማድረግ መሆኑን ከየት ታምጣው? ፈተናው እኮ ቃሉን አንቀጽ ውስጥ ከትቶ ነው የሚጠይቀው።

ዝርዝሩን አስጣልኳት። አሁን በቀን አምስት ቃል ብቻ ነው የምንይዘው። በእያንዳንዱ ቃል ከራሷ ኑሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። በሦስተኛው ቀን እጠይቃታለሁ። እሑድ ደግሞ የሳምንቱን እንከልሳለን። የመጀመሪያው ቃል "አባንደን" ነበር፣ ጥሎ መሄድ ማለት ነው። ሁሉም ዝርዝር በሱ ይጀምራል መሰለኝ። እኔ ስለ ድመት ወይ ስለ አሮጌ መኪና ትጽፋለች ብዬ ነበር። የጻፈችውን ልንገርሽ? "ዊ አባንደንድ አወር ሃውስ ኢን ኦክቶበር።"

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን በአማርኛ አውርታን አታውቅም። ዓረፍተ ነገሩ ደግሞ አንድም ስህተት የለበትም። "ራይት" አደረግኩላትና ቡና ላፈላ ተነሳሁ።

እንግዲህ... እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ ብቅ ብዬ አስቸግርሻለሁ። ገንዘብ አይደለም፣ እሱ እንዳይመስልሽ። ሜሪላንድ ኑሮ ሩጫ እንደሆነ፣ ሁለት ሥራ እንደምትሠሪም ሰምቻለሁ። ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ የጻፈቻቸውን ታርሚላት? ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። በቀይ አርሚ። ቃለ አጋኖውም አይቅር። እኔ እስከማውቀው ሄጄ ቆሜያለሁ።

ለምሳሌ ትናንት "ኢፍ አይ ወር ዩ" ለምን ይባላል፣ ከ"አይ" ጋር የሚሄደው "ዋዝ" አይደል ወይ ብላ ያዘችኝ። "አንቺን ብሆን ኖሮ" ስንል ያልሆነ ነገር እያወራን እንደሆነ "ኖሮ" ይናገር የለ፣ "ወር"ም እንደዚያ ነው አልኳት። አላመነችኝም። "እሷን ጠይቂልኝ" አለች፣ አንቺን ማለቷ ነው። በድምፅ ላኪላት። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኩ እሷ እጅ ነው።

እማዬ ሰላም ብላሻለች። በርበሬ አስፈጭታልሻለች፣ የሚመጣ ሰው ካለ ንገሪኝ።

ጓደኛሽ፣ ከደሴ