የመንዙን የአያቶቻችንን ግቢ ክረምት ሳይገባ እንድረስለት

ሰላም ዘመዶች፣ የመንዝ ልጆች፣ ጎረቤት የነበራችሁም ጭምር። መንዝ ጌራ ያለው የአያቶቻችን ግቢ አሁን ሰው አይኖርበትም፣ ትልቁ ክብ የድንጋይ ቤት፣ ማድቤቱ፣ የበጎቹ በረትና አውድማው ግን አሉ። ችግሩ የትልቁ ቤት ክዳን ባንድ በኩል ተነስቶ ባለፈው ክረምት ዝናቡ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው ሲወርድ የከረመው፣ ግድግዳው ደግሞ ድንጋይና ጭቃ ብቻ ስለሆነ ጭቃው ሲታጠብ ድንጋዩ ይላላል፣ አሁን ከበሩ በስተቀኝ ሆዱን ገፍቶ ወጥቷል። ያዩት ግንበኞች አንድ ክረምት ከደገመው ይናዳል ነው ያሉን።

ቆርቆሮ አልብሱትና ተገላገሉ የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ሀሳቡ ከክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። ግን ቆርቆሮ ለመምታት ያንን ክብ ጣራ አፍርሶ በጭስ የጠቆረውን የጥድ ወራጅ ሁሉ አውጥቶ መጣል ነው፣ ከዛ በኋላ የቀረው የአያቶቻችን ቤት አይደለም። የመንዝን የሌሊት ብርድም የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ጓሳ ሳር የተከደነ ቤት ውስጥ ያደረ ሰው ከቆርቆሮ ጋር አያወዳድረውም።

ሳሩም እኮ የራሱ ታሪክ አለው። ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የጓሳ ሜዳ አያቶቻችን ቄሮ በሚባለው ሜዳውን በጋራ የመጠበቂያ የድሮ ስርዓት ለዓመታት ዘግተው እየጠበቁ፣ ሲፈቀድ ብቻ ነበር የሚያጭዱት፣ ስርዓቱ በ1967 የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ህዝቡ አልተወውም፣ ዛሬም ጥብቅ ስፍራ አድርጎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሳሩን የምናገኘው በማህበረሰቡ ፈቃድና በሚታጨድበት ጊዜ ነው፣ እሱ ካለፈን ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። ደግሞ አሳምረው የሚከድኑት አባቶች እየደከሙ ነው፣ ወጣቶቹ ከስራቸው ሆነው እንዲማሩም እንፈልጋለን።

ውስጡን ብታዩት ትገረማላችሁ፣ ጎታዎቹ እንደቆሙ ናቸው፣ ከመደቡ በላይ አክስቶቻችን ለባናው፣ ማለት ለሱፍ ብርድ ልብሱ፣ የበግ ፀጉር የሚፈትሉበት እንዝርት አሁንም ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። ቤቱ ከዳነ ባናውንም ዝተቱንም ማረሻውንም እዛው አስቀምጠን የአካባቢው ተማሪዎች እየመጡ እንዲያዩት ነው ሀሳባችን፣ ለሽያጭም ለኪራይም አይደለም።

የምንፈልገው ለሳር፣ ለማጓጓዣ፣ ለወራጅ መተኪያ እና ለግንበኛና ለከዳኝ የቀን አበል ነው። ድንጋይ እዛው አለ፣ የጉልበቱን ስራ ጎረቤት በደቦ እንረዳለን ብሏል፣ እግዜር ይስጥልን። ሁለት መቶ ብርም ሁለት ሺም ያው እርዳታ ነው፣ ዲሲ፣ ሪያድ፣ ቴላቪቭ ያላችሁ ልጆች ደግሞ እንደ ጠና ወንድምና እህት ትንሽ በርታ በሉልን። ገንዘቡ የሚገባው በሶስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የጋራ አካውንት ነው፣ ቁጥሩ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፒን ተደርጓል፣ ስትልኩ ስክሪንሾቱን እዛው ጣሉት፣ ደረሰኙንም የስራውን ፎቶም በየሳምንቱ እንለጥፋለን። ግሩፑ ውስጥ የሌላችሁ በምታውቁት ዘመድ በኩል ግቡ፣ ፕሊስ ለሌላውም ሼር አድርጉ። የድሮ የግቢው ፎቶ ያላችሁም ላኩልን፣ ክዳኑን ስንመልስ የድሮ ቅርፁን እናይበታለን።