ቅዳሜ የምንወያየው ስለ ኳርተርባክ ምርጫ ነው

ሰላም ለሁላችሁም። የቅዳሜው ጥያቄያችን አንድ ነው፦ በአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ ሁለት ጎበዝ ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውርና ማጥቃቱን የሚመራ ተጫዋች) ሲኖሩት ማንን ያሰልፍ? የምናየው የአላባማ ዩኒቨርሲቲን ጉዳይ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጄለን ኸርትስ ሁለት ዓመት ሙሉ የአላባማ ቋሚ ኳርተርባክ ነበር፤ በቋሚነት ተሰልፎ የተሸነፈው 2 ጨዋታ ብቻ ነው። ጃንዋሪ 2018 አትላንታ ላይ በተደረገው የዩኒቨርሲቲዎች ብሔራዊ ሻምፒዮና ፍጻሜ ግን አላባማ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ 13 ለ 0 እየተመራ ለእረፍት ወጣ። አሰልጣኙ ኒክ ሴበን ኸርትስን አስቀምጦ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪውን ቱዋ ታጎቫይሎአን አስገባ። 26 ለ 23 አሸነፉ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ቱዋ ቋሚ ሆነ። ዲሴምበር ላይ እሱ ሲጎዳ ኸርትስ ገብቶ ያንኑ ጆርጂያን ረታ። ቦታውን ተነጥቆም ተዘጋጅቶ መጠበቁ፣ ለእኔ ከድሉ ይበልጣል።

የምንገናኘው ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በተለመደው የቤተ መጻሕፍት ክፍል ነው። የሁለቱን ጨዋታዎች ቅንጫቢ እናያለን። አቋማችሁን ይዛችሁ ኑ፦ እናንተ ብትሆኑ በእረፍት ሰዓት ትቀይሩት ነበር? መጨረሻ ላይ ድምፅ እንሰጣለን።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። ፕሮጀክተር ያለው ሰው ካለ ቶሎ ያሳውቀኝ።