ለድንቢጦች ጥቂት አፈር ይተውላቸው

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በውጭ አገር ስለ ድንቢጥ ሲጻፍ ክረምት የሚነሣው ከበረዶ ጋር ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ክረምት ዝናብ ስለሆነ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጠው ጎንደር ብርዱ የሚጠናው ሰማዩ በጠራበት በበጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በእነዚህ ወራት ማለዳ በፋሲል መዋኛ ቅጥር ዙሪያ ስመላለስ ድንቢጦችን መመልከት ልማዴ ሆኗል።

ፀሐይ ግንቡን እስክትመታው ድረስ፣ የዛፍ ሥር አቅፎ በያዘው ካብ ስንጥቅ ውስጥ ላባቸውን ነፍተው፣ አንገታቸውን ቀብረው ይቆያሉ፤ የተነፋው ላባ በመሀሉ አየር ስለሚይዝ እንደ ጋቢ ያሞቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ወርደው የወደቀ ፍሬ ይለቅማሉ፤ አንዷ ደንግጣ ብር ስትል መንጋው ሁሉ ይከተላታል። (በሥዕል የምናያት ጉሮሮዋ ጥቁር የሆነች ድንቢጥ የባሕር ማዶዋ ናት፤ የእኛዋ ራሷ ግራጫ፣ ጀርባዋ ቀላ ያለ ሲሆን፣ ወንዱን ከሴቷ በመልክ መለየት ያስቸግራል።)

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ረፋድ ላይ የሚያደርጉት የአቧራ መታጠብ ነው። ደረቅና ልል አፈር መርጠው ትንሽ ጎድጓዳ ይጭሩና፣ ደረታቸውን አጣብቀው አቧራውን በክንፋቸው ወደ ጀርባቸው ይበትናሉ፤ ሌላዋ ስፍራውን ልትቀማ ስትጠጋ ባለቤቲቱ በመንቁሯ ታባርራታለች። ይህ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን፤ አቧራው የላባን ትርፍ ቅባት ይመጥጣል፣ ቅማልና ቅንቅንንም ለመከላከል ይረዳል።

ይህን የምጽፈው በሰፈሬ አንድ ትንሽ መናፈሻ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ከተነጠፈበት ወዲህ ወፎቹ የሚታጠቡት ከመንገዱ ጠርዝ፣ በባጃጅ ጎማ አጠገብ መሆኑን ስላየሁ ነው። ንጣፉን አልቃወምም፤ እኔም በጭቃ ተቸግሬበታለሁ። ሆኖም መናፈሻ የሚያሠሩ ሁሉ ፀሐይ በሚያገኘው ማእዘን ከአንድ ምንጣፍ የማይበልጥ ባዶ አፈር እንዲተዉ፣ የአጥሩንም ካብ ሲጠግኑ ጥቂት ቀዳዳ ሳይደፍኑ እንዲያልፉ እለምናለሁ። ወፎቹ የትኛውን ማእዘን እንደሚመርጡ ማየት የሚፈልግ ባለሙያ ካለ፣ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ከመዋኛው በር አጠገብ ያገኘኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከጎንደር