የኤሌክትሮኒክስ ክበብ፦ ካፓሲተሩ ውስጥ ያገኘነው ኢንዳክተር

ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው በብየዳ ልምምድ ጀመረ። ስለሱ ብዙ አላወራም፤ ጣቱን ያላቃጠለ አባል የለም፣ በቃ። አብዛኛውን ጊዜያችንን የወሰደብን ግን የሴራሚክ ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያጠራቅመው ትንሽ ዕቃ ነው።

ነገሩን የጫረችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ፍሪኩዌንሲው በጨመረ ቁጥር ካፓሲተር ይበልጥ ያሳልፋል ተብለን አይደል የተማርነው? ታዲያ ከትልቁ ካፓሲተር ሌላ አይሲው (ቺፑ) አፍንጫ ስር ትንሽ ካፓሲተር ለምን ይጨመራል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። በቀመሩ ብንሄድ የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ኢምፔዳንስ (ተለዋዋጭ ጅረትን የሚቃወምበት መጠን) በ100 ሜጋኸርዝ 0.016 ኦም ነው። እውነተኛው ካፓሲተር ግን እግር አለው፣ የተበየደበት መስመርም አለው። ጅረት የሚዞርበት መንገድ ሁሉ ደግሞ ኢንዳክታንስ፣ ማለትም የጅረትን ለውጥ የመቃወም ባህርይ አያጣም። 1 ናኖሄንሪ ብቻ እንኳ ቢኖር በ100 ሜጋኸርዝ 0.63 ኦም ይሆናል፤ 40 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። እዚያ ላይ ዕቃው በስም ካፓሲተር ይባል እንጂ የሚሠራው እንደ ኢንዳክተር ነው።

ኢንዳክታንሱን ለመገመት ሲግናል ጄኔሬተሩንና ኦሲሎስኮፑን፣ ሁለቱንም በ50 ኦም፣ በኬብል አገናኘን። ካፓሲተሩን በሲግናሉ መስመርና በግራውንዱ መካከል በየድነው። ፍሪኩዌንሲውን ቀስ እያልን ስንጨምር ስክሪኑ ላይ ያለው ሞገድ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ተመልሶ ማደግ ይጀምራል። ያ ዝቅተኛው ቦታ ሬዞናንሱ ነው፤ የካፓሲታንሱና የኢንዳክታንሱ ተጽዕኖ እኩል ሆኖ የሚጣፋበት ፍሪኩዌንሲ ማለት ነው። ከዚያ ሒሳብ ብቻ ነው የሚቀረው፦ ፍሪኩዌንሲውን በ2 ፓይ አባዝቶ ስኩዌር ማድረግ፣ በካፓሲታንሱ ማባዛት፣ 1ን ለውጤቱ ማካፈል።

እግሩ ያልተቆረጠ የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ዝቅተኛው ቦታ 4 ሜጋኸርዝ ላይ መጣ፤ 16 ናኖሄንሪ ገደማ ነው። ከሁለቱ እግሮች በድምሩ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቆርጠን ስንበይደው 7 ሜጋኸርዝ ደረሰ፤ ወደ 5 ናኖሄንሪ ወረደ። አንድ ሚሊሜትር እግር 1 ናኖሄንሪ ገደማ ነው የሚባለው እዚህ ላይ በዓይናችን ታየ። እግር የሌለው፣ ያው 100 ናኖፋራድ የሆነው ኤስኤምዲ (ቦርዱ ገጽ ላይ በቀጥታ የሚበየደው ዓይነት) ደግሞ 16 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም 1 ናኖሄንሪ ሰጠን።

የቸገረን ንባቡ ነው። ዝቅተኛው ቦታ ሹል አይደለም፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ አንዱ «እዚህ ነው» ሲል ሌላው «አይ፣ እዚያ» ይላል። ቀመሩ ፍሪኩዌንሲውን ስኩዌር ስለሚያደርግ የ5 በመቶ ስህተት ኢንዳክታንሱ ላይ 10 በመቶ ሆኖ ይመጣል። አባላቱ በመጨረሻ ሞገዱ በግራና በቀኝ እኩል ቁመት የሚኖረውን ሁለት ፍሪኩዌንሲ አንብበው፣ አባዝተው፣ ስኩዌር ሩት ወሰዱ። የዓመቱ ምርጥ ሥራ ብዬ የምይዘው ይህን ነው፤ ማንም አልነገራቸውማ!

ሌላም ወጥመድ አለ። ኤክስ7አር የሚባለው ዓይነት ሴራሚክ ዲሲ ቮልቴጅ ሲያርፍበት ካፓሲታንሱ ይቀንሳል፤ ሬዞናንሱም ወደ ላይ ይሸሻል። ይህን ያላወቀ ሰው ኢንዳክታንሱ የቀነሰ ይመስለዋል። ኢንዳክታንሱን የሚወስነው ግን ቅርጹና ጅረቱ የሚዞርበት ቀለበት ስፋት ነው፤ ሴራሚኩ እዚያ ውስጥ የለበትም።

ለዚህም ነው ዳታሺት (የአምራቹ የመረጃ ወረቀት) ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ይዞ ዲዛይን ማድረግ የማይዋጥልኝ። ያንኑ ኤስኤምዲ በረጅምና ቀጭን መስመር ስናገናኘው ኢንዳክታንሱ በግልጽ ጨመረ፤ ካፓሲተሩ ግን ያው ነው። ቦርዱን የሚስለው ሰው መስመሩን አሳጥሮ ወደ ግራውንድ የሚወርደውን ቀዳዳ ካፓሲተሩ ጎን ቢያደርገው፣ ውድ ካፓሲተር ከመግዛት የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል።

በሚቀጥለው ዓመት የተለያየ መጠን ያላቸው ሁለት ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን እንበይዳለን። በሁለቱ ሬዞናንሶች መካከል ኢምፔዳንሱ ከሁለቱም በላይ የሚዘልበት ቦታ አለ፤ እሱን ማደን ነው ዕቅዱ። መመዝገብ የምትፈልጉ ላቦራቶሪ ብቅ በሉ። የክበቡን የኦሲሎስኮፕ ኬብል የወሰዳችሁም እንዲሁ።