ስለ ምርጫ ክልላችን ለአባቴ

ለገጣፎ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው በስልክ «የእኛ ወረዳ ምን የምርጫ ታሪክ አለው፤ ሲሾሙብን ኖርን እንጂ መቼ መረጥን?» ያሉኝ ነገር ከልቤ ስላልወጣ በጽሑፍ ልመልስልዎ ወደድሁ። ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ታሪክ የለውም የሚለውን ግን አልቀበልም። በእኔ አስተያየት የአንድ ገጠር ምርጫ ክልል ታሪክ የሚነበበው ማን አሸነፈ ከሚለው ይልቅ ማን እንዲወዳደር ተፈቀደለት ከሚለው ነው።

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ መምረጥ የጀመረው፣ በ1948 ሕገ መንግሥቱ ከተሻሻለ በኋላ ነው። እርስዎ ድምፅ በሰጡበት በ1965 ደግሞ 200 ሺሕ ያህል ሕዝብ የሚኖርበት እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴዎች ይልክ ነበር። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዕጩ የሚሆን ሰው ግን በዚያው ክልል 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲኖረው ሕጉ ያስገድድ ስለነበር፣ እንደ እርስዎ በአንድ ጥማድ በሬ የሚያርስ ገበሬ መምረጥ እንጂ መመረጥ አይታሰበውም። እነዚያም የተመረጡት የአራት ዓመት ዘመናቸውን ሳይጨርሱ ደርግ መጣ።

በደርግ ጊዜ የንብረቱ ወንፊት ተጣለና ሌላ ወንፊት ተተካ። በሰኔ 1979 ለ835ቱ የብሔራዊ ሸንጎ (የዘመኑ ፓርላማ) መቀመጫዎች ዕጩ የሚያቀርቡት ብቸኛው ገዢ ፓርቲ ኢሠፓ፣ የብዙኃን ማኅበራትና የጦር ክፍሎች ስለነበሩ፣ በወረቀቱ ላይ ከአንድ በላይ ስም ቢሰፍርም የሚለቅመው እጅ አንድ ነበር። ያም ሆኖ የገበሬ ማኅበር ሰው ሸንጎ ለመግባት ንብረት ቁጠር አልተባለም፤ ይህን አለመመስከር አይገባም።

ከ1987 ወዲህ አገሪቱ በ547 የምርጫ ክልሎች ተከፍላ እያንዳንዱ አንድ ተወካይ ይልካል፤ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ያገኘ፣ ግማሽ ባይሞላም፣ ያሸንፋል። በመጀመሪያው ምርጫ መአድን (የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን) ጨምሮ ታላላቅ ተቃዋሚዎች ስላልተሳተፉ ብዙ የምለው የለኝም። የ1997ቱ ግን የተለየ ነው። ክርክሩ በሬዲዮ ገጠር ድረስ ተሰምቷል፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳም የገዢው ፓርቲ ድጋፍ ሳይኖራቸው፣ በግል ተወዳድረው ደምቢ ዶሎ ላይ አሸንፈዋል። አገሬው የሚያውቀውን ሰው ለይቶ ሊመርጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 መቀመጫ፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ሲወስዱ ግን «መቼ መረጥን?» ማለትዎ እውነት ነበር።

ሰኔ 14 ቀን 2013 እኔ እዚህ ለገጣፎ ስመርጥ፣ ሠፈሩ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሰፈረበት በመሆኑ ከጎረቤቶቼ ዕጩዎቹን በአካል የሚያውቅ አላገኘሁም። እናንተ ዘንድ የዕጩው አያት ሳይቀር ይታወቃል፤ ይህን ዕድል ቀላል አድርገው አይዩት።

አሁን የምለምንዎ፣ በ1965 የተመረጡት ሁለቱ እንደራሴዎች እነማን እንደነበሩ፣ ከተመረጡ በኋላ ወደ ወረዳው ተመልሰው መጥተው እንደሆነ፣ ፊደል ያልቆጠረውም መራጭ ዕጩውን በምን ይለይ እንደነበር ለወንድሜ እየነገሩ እንዲያስጽፉልኝ ነው።

አክባሪ ልጅዎ